የታንጉትን እንቁላል ስለ በላሁበት ጉዳይ

ለተከበሩ ዶክተር ሣህለ ማርያም፣ የሕሙማን አመጋገብና የውፍረት መከላከል ተመራማሪ፤

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ለእርስዎ ልናገር፤ የታንጉትን እንቁላል የበላሁት እኔ ነኝ። ይህን ካልኩ በኋላ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የበሉት እንዲስማማዎ፣ ቀበቶዎም ባለበት ቀዳዳ እንዲጸና ምኞቴ ነው።

እኔ ሀብትነሽ የምባል የቢቸና ሴት ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ፊደል በራሴ ለቅሜ ያገኘሁትን ሁሉ ስለማነብ፣ በሆስፒታሉ የሴቶች መኝታ ክፍል በር ላይ ያስለጠፉትን የጥናትዎን ውጤትም ደጋግሜ አነበብኩት። ታንጉት የባሌ ታናሽ እህት ናት፤ ከሞጣ መጥታ ሆዷን በቀዶ ጥገና ታክማ ተኝታለች፣ እኔም አስታምማታለሁ። ጥናትዎ እንደሚለው የዚህ ክፍል ሕሙማን ከሚገባቸው በላይ ስለሚመገቡ ውፍረት ያሰጋቸዋል። ታንጉት ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት በክር ጠምጥማ ይዛዋለች። ስጋቱ ከየት በኩል እንደሚመጣባት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ቅሬታዎቼ እንደሚከተለው ናቸው።

፩ኛ. ሳህኑ ሲገባና ሲወጣ እንዲመዘን ስላዘዙ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ባዶ ከወጣ በሽተኛዋ በልታለች ማለት ነው፤ ሌላ ማን ሊበላው ይችላል? እርስዎ አስታመው አያውቁ ይሆናል እንጂ፣ ምግብ አልወርድ ያላት ሴት እንቁላሉን ወደ አስታማሚዋ ገፋ አድርጋ «እትዬ፣ በሞቴ ብዪልኝ!» ትላለች። «በሞቴ» በሌላ ቦታ የግብዣ ቃል ነው። ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሲነገር ግን እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል? የእኔ አንጀት እንቁላሉን ተቀበለ።

፪ኛ. መዛኝ ወጣቶችዎ፣ ሰው ሲበላ አፍ አፉን ማየት ነውር ስለሆነ፣ ሳህኑን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞሩ ነበር። እኔም በዚያ መካከል እጎርስ ነበር። አስተዳደጋቸው ያኮራል፤ ወላጆቻቸውን ያመስግኑልኝ።

፫ኛ. በጥናቱ መሠረት ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እንቁላሏና ወተቷ ተቋርጧል፤ ስፖርት እንድትሠራም ተመክራለች። ግድግዳ ይዛ ሽንት ቤት መድረሷ እንደ ስፖርት ይቆጠርላት እንደሆነ ቢገልጹልን ደስ ይለናል። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ምግብ መውረድ የጀመረላት አሁን መሆኑ ነው። ትናንት ራሷ «እትዬ፣ እንቁላሌ የታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

፬ኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ባሌ የሻው ከዓመታት በፊት እዚሁ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ «በሞቴ ጨርሺልኝ፤ መብላቴን ካዩ ወደ ቤቴ ይሰዱኛል» አለኝ። ጨረስኩለት። ሳህኑን አይተው ሰደዱት። ብዙም አልቆየም። ስለ ታንጉት ዝም የማልለው ለዚህ ነው።

ሆኖም ጥናትዎ ስሕተት ነው የሚል ሰው ቢመጣ እኔ እሟገትልዎታለሁ። በዚያ ክፍል በእርግጥ የወፈረ ሰው አለ። ይዤው የመጣሁት ቀሚስ ጎኔ ላይ አልዘጋ ብሎኛል። ስለዚህ እኔን በውፍረት መከላከሉ ውስጥ ያስገቡኝና የእርሷን እንቁላልና ወተት ይመልሱላት፤ ሚዛኑንም ከሳህኑ ሥር አንሥተው ከታንጉት እግር ሥር ያድርጉልኝ።

ምርምርዎን አክባሪ፣ ያለ ፈቃድዎ ተመጋቢ፣
ሀብትነሽ

ማስታወሻ፦ ስለ ውፍረት አደገኛነት እንድንማር ከአልጋዎቹ ትይዩ ያሰቀሉት የወፍራሙ ሰውዬ ሥዕል ሕሙማኑን በእጅጉ አነቃቅቷል። በምሳ ሰዓት ሁሉም በምኞት እያዩት «ይኼ ደግሞ የት ሆስፒታል ተኝቶ ይሆን?» ይላሉ።

ግልባጭ፦
ለክፍሉ ኃላፊ ለሲስተር ሰሎሜ፤
ለታንጉት። ማንበብ ስለማትችል፣ እንቁላሏ በተመለሰ ዕለት እርሷ እየበላች እኔ አነብላታለሁ፤ ሁለቱም እጆቼ ወረቀቱን ይዘው ይቆያሉ።