ማህተሙ ስልጠና ላይ ነው፦ ስለ ግራ ተረከዜ ለጤና ጣቢያችን ኃላፊ

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ለወጉ ያህል ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ስመላለስ በሰነበትኩበት ጊዜ ሁሉ አንድም ቀን ወንበርዎ ላይ ስላላገኘሁዎ ከልቤ አሳስቦኝ ነው። ስብሰባው ወገብዎን እንዳላመመዎ፣ የስልጠናው አዳራሽ ማቀዝቀዣ ጉንፋን እንዳላስያዘዎ፣ የሻይ ዕረፍቱም በሰዓቱ እንደሚደርስልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። በስምዎ ብጠራዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን በሩ ላይ ያለው የስም ሰሌዳ አንዱ ብሎን ወልቆ ስለተዘቀዘቀ፣ አንገቴን አጣምሜ ካነበብኩት ውስጥ በእርግጠኝነት የለየሁት «አቶ» የሚለውን ብቻ ነው።

እኔ ጸጋአብ እባላለሁ። ከሐዋሳ የመጣሁ፣ በሕዝብ አስተዳደር በማዕረግ የተመረቅሁ፣ ጋዋን የለበስኩበት ፎቶ በእናቴ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለልኝ፣ አሁን ደግሞ መካኒሳ በሚገኝ አንድ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ጀማሪ ሠራተኛ የሆንኩ ወጣት ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ያተኮረው በቀልጣፋ የአገልግሎት አሰጣጥ ላይ ነበር። እዚህ ላይ ቢስቁ አልቀየምዎትም፤ እኔም ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ትዝ እያለኝ ብቻዬን ስለምስቅ፣ አጠገቤ የሚቀመጡ ሰዎች ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ ማድረግ ጀምረዋል።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ግራ ተረከዜ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ወጣች። ኳስ ስለምጫወት ከጫማው ነው ብዬ ናቅኋት። እየሰፋች ሄዳ ጠርዟ ሲዛነፍና መድማት ስትጀምር ግን ዶክተር መርዋ የሚባሉ የሐዋሳ ሐኪም ቆርጠው አወጡልኝና፣ ናሙናውን አስመርምረው ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር መሆኑን፣ ደግነቱም በጊዜ መውጣቱን ነገሩኝ። «በጊዜ» የምትለዋን ቃል ከዲግሪዬ እኩል ወደድኳት። ዶክተሯ ደስታዬ ከልክ ማለፉን አይተው መሰለኝ፣ ይህ በሽታ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል በየጥቂት ወሩ በዚህ ነገር የሠለጠነ ስፔሻሊስት ሊያየኝ እንደሚገባ፣ ብሽሽቴንም ራሴ እየዳሰስኩ ጠጠር ያለ ነገር ካገኘሁ ነገ ዛሬ ሳልል ሐኪም ቤት እንድሄድ አስጠነቀቁኝ። አዲስ አበባ ሥራ ማግኘቴን ስነግራቸውም፣ «እሰይ የኔ ልጅ! ስፔሻሊስቶቹ እኮ ያሉት እዚያው ነው» ብለው መረቁኝ።

እኔም አመንኩ። ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ፣ መካኒሳ ታክሲ ተራ ላይ ስፔሻሊስቶች ተደርድረው፣ ረዳቶቻቸው «ሜላኖማ! ሜላኖማ! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይጣራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ የሆነውን በትሕትና በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ በቁጥር መከፋፈል ዩኒቨርሲቲ በደንብ ያስተማረኝ ብቸኛው ነገር ነው።

አንደኛ፦ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄድኩና የሕክምናዬን ማጠቃለያ ለጥበቃው ዘረጋሁለት። ጥበቃው ወረቀቱን በአክብሮት አይቶ፣ «ለማጠቃለያው ገና ልጅ ነህ ወንድሜ፤ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያህ ሪፈር አምጣ» አለኝ። ልክ ነበር፤ ሥርዓቱ ከታች ወደ ላይ መሆኑን በፈተና ላይ ባለ ቀስት ሥዕል አስደግፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ነው። የግል ክሊኒክ ያልሞከርኩበትን ምክንያት ደግሞ የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳልኛል።

ስለዚህ ወደ እርስዎ ቤት መጣሁ። በመስኮቱ ያሉት ሲስተር ጫማዬን አስወልቀው ተረከዜን ካዩ በኋላ፣ አጠገባቸው ያለውን ባልደረባቸውን ጠርተው፣ «ና እስቲ እየው፤ ጥቁር ሰው ደግሞ የቆዳ ካንሰር ይይዘዋል እንዴ? ይሄ የፈረንጅ በሽታ አይደል?» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ እኔ ግን ምሩቅ ነኝ። በአንድ እግሬ እንደቆምኩ፣ በእኛ ቆዳ ላይ ይህ በሽታ በአብዛኛው የሚመጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር መሆኑን፣ ዶክተር መርዋ የነገሩኝን ሁሉ ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር አስረዳሁ። ማስረዳቴ ስለረዘመ ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ለቅስቀሳ የተላክሁ መስዬአቸው ኖሮ፣ አንዲት ልጅ ያዘለች እናት፣ «ክትባቱ ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሲስተርም በትዕግሥት ጨርሰው አዳመጡኝና፣ «ጎበዝ ነህ፤ ግን መታወቂያህ የወረዳችን አይደለም» አሉኝ። እንዲህ ያለ አጭር መልስ ለረጅም ንግግር ሲሰጥ የተመለከትኩት የመመረቂያ ጽሑፌን ካቀረብኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛ፦ የወረዳው መታወቂያ እንዲሰጠኝ ከሐዋሳ መሸኛ አስላክሁ። ቀጥሎ የተጠየቅሁት የቤት ባለቤት እንዲያስመዘግበኝ ነበር። የአከራዬን ስም አልጠቅስም፤ የግብር ሰዎችም ደብዳቤ ያነባሉ። እኚህ ሴት ለሰው አዛኝ ቢሆኑም፣ «ተከራይ ብዬ ካስመዘገብኩህ ግብሩ አናቴ ላይ ነው የሚወጣው፤ የእህቴ ልጅ ነው እላለሁ፤ አንተም አንገትህን ደፋ አድርግ» አሉኝ። ወረዳ ስንቀርብ በሕይወት የሌሉ እህታቸውን አስታውሰው እንባቸው መጣ፤ እኔም ሳላውቃቸው አለቀስኩላቸው። ዘመድነቱ ታዲያ በወረዳው አላበቃም። ኪራዩ ሳይቀንስ፣ የእድሩን ድንኳን ምሰሶ የሚሸከም፣ ሲሊንደር የሚያስሞላ፣ ለለቅሶ ወንበር የሚደረድር የወንድ ዘመድ በመሆን በሰፈሩ ታውቄአለሁ። መታወቂያውም በመጨረሻ ወጣ፤ አክስቴ ብዬ መጥራቱንም ለመድኩት።

ሦስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። መታወቂያው እስኪወጣ መቀመጥ አቅቶኝ፣ በዚህ ከተማ ቤቴን ያገኘልኝ ማን ነው ብዬ አሰብኩና ደላላው ጆኒ ዘንድ ሄድኩ። አዎ፣ የካንሰር ስፔሻሊስት በደላላ አፈላልጌአለሁ፤ የተማርኩበት ክፍል መምህራን ይህንን ባያነቡብኝ እመርጣለሁ። ጆኒ ምንም ሳይደነግጥ፣ «ቆዳ አይደል? ቆዳ ስፔሻሊስት አለኝ፣ የራሴ ሰው ነው፤ ዛሬ እናየዋለን» አለኝና፣ ዓሣ የሚዋኝበት ሳጥን እንግዳ መቀበያው ላይ ወዳለበት አንድ ባለ መስታወት የውበት ሕክምና ቤት ወሰደኝ። ባለሙያው ጠባሳዬን እንዳየ ፊቱ ተለዋወጠ። «ወንድሜ፣ እኔ የማክመው ቡጉርና የሚረግፍ ፀጉር ነው፤ ይሄ የኔ አይደለም፤ ትልቅ ሆስፒታል ሂድ፣ እንዳትዘገይ» አለኝ፤ ሳንቲምም አልተቀበለኝም። ውጭ ስንወጣ ጆኒ፣ «ምን ያካብዳል፤ ቆዳ እኮ ቆዳ ነው» ካለ በኋላ ኮሚሽኑን ጠየቀኝ። አልዳንኩም ብዬ ብሞግተው፣ «የኔ ሥራ ማሳየት ነው፤ መግባት አለመግባቱ ያንተ ነው» ብሎ በደላሎች ሕግ ረታኝ። እርስዎን ለማስከፋት ብዬ ሳይሆን ለታሪክ እንዲመዘገብ ያህል ልናገር፤ በክፍለ ከተማችን ውስጥ ስለ ሜላኖማዬ ከተሰጡኝ ምክሮች ሁሉ ፈጣኑና ትክክለኛው የመጣው ከፀጉር ሐኪም ነው።

አራተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ትንሽ ይከዳኛል፤ ይታገሱኝ።

አንድ ጠዋት ገላዬን ስታጠብ ግራ ብሽሽቴ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጠጣር ነገር እጄ ላይ መጣች። ለአክስቴ ነገርኳቸው። «ንፍፊት ነው የኔ ልጅ፤ እግርህን መትተህ ነው፤ ባንተ ዕድሜ ማን ያልወጣበት አለ» አሉኝ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ አገር እግሩ የተጋጨ ሰው ሁሉ ብሽሽቱ ያብጣል፤ ስለሚያብጥም ማንም አይደነግጥም። አክስቴም ጎረቤታቸውን ሴትዮ ጠርተው በቅቤ አሳሹኝ። ዶክተር መርዋ ያሉኝ ጆሮዬ ላይ እያቃጨለ፣ ባለ ማዕረግ ምሩቁ እኔ፣ ፍራሼ ላይ ተጋድሜ ታሸሁ። አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ። ንፍፊት የሚለው ስም ግን በዚያን ሰዓት ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ያማረ ስለነበር፣ ጥቂት ጊዜ ውስጡ ልኑርበት አልኩ። አልጠፋችም። እንዲያውም በታሸች ቁጥር በረታች።

አዲሱን መታወቂያ ይዤ ወደ ሲስተር ተመለስኩ። በዚህ ቀን ስለ ፈረንጅ አላወሩም። ዳሰሱኝ፤ ፈገግታቸው ጠፋ፤ ከዚያም ሪፈሩን ወዲያውኑ በሚነበብ ጽሑፍ ጻፉልኝ። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ ላቅፋቸው ስል፣ «ማህተም ብቻ ነው የቀረው» አሉኝ። ማህተሙ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ በእርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። እርስዎ ቢሾፍቱ ነዎት። በርዎ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንደሚለው ስልጠናው «ተገልጋይን ያለ እንግልት ማስተናገድ» ላይ ነው፤ ርእሱን ሳነብ እንዴት እንደኮራሁ! ምክትልዎ ዘንድ ብገባ ውክልና አልተሰጠኝም አሉ፤ መዝገብ ቤት ብጠይቅ፣ «አንዴ ማህተሙን ሌላ ሰው ስለተጠቀመበት ከዚያ ወዲህ ለማንም አይተዉም፤ ሲመጡ ይመጣሉ» አሉኝ። በማግስቱ ስመለስ ስልጠናው መራዘሙን ሰማሁ፤ በሠልስቱ ደግሞ ከስልጠናው ቀጥሎ የተሞክሮ ልውውጥ ጉብኝት መኖሩን። ሪፈሬን አጣጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ያለ ማህተም ወረቀት ነው፤ ከማህተም ጋር ግን ምናልባት የእኔ ሕይወት ነው።

ዛሬ ዶክተር መርዋ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን እያዋዛሁ፣ ጆኒንም ቅቤውንም አስገብቼ ነገርኳቸው፤ ጓደኞቼ በዚህኛው ቦታ ላይ በሳቅ ይንፈራፈሩ ነበርና። አልሳቁም። «ነገ በመጀመሪያው መኪና ና። እኔ ዳስሼህ፣ ናሙና ወስጄ፣ በራሴ ማህተም በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ እልክሃለሁ» አሉኝ።

ስለዚህ ነገ ንጋት ላይ አዲስ አበባ ለመታከም ከአዲስ አበባ እወጣለሁ። ስፔሻሊስቶቹ ያሉበት ሆስፒታል ከቤቴ በሁለት ታክሲ ይደረሳል፤ እኔ በሐዋሳ በኩል ዞሬ እመጣለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ስላደረጉልኝ ሁሉ ማመስገን ግዴታዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ በአራት ዓመት ያላስገባልኝን የአስተዳደር ትምህርት በአንድ መሳቢያ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ዘመድ በሌለኝ ከተማ አክስት እንዳገኝ ስለረዱኝ አመሰግናለሁ። እንዲታይልኝ የምለምነው ነገር ትንሽ ነው፤ ስፔሻሊስት እንዲያመጡልኝ አልጠይቅም፣ የስም ሰሌዳዎ እንዲቃናም አልጠይቅም። ከእንግዲህ ሲሄዱ ቁልፉን ለአንድ ሰው ይተዉ። ሲስተር ይበቃሉ፤ እጃቸው የሚዳስሰውን ያውቃል።

በመሳቢያዎ ደኅንነት የማይቀና፣ በሥልጠናዎ መሳካት የሚደሰት፣ ሐዋሳ ላይ የሚነገረውን ለመስማት እንቅልፍ ያጣ፣ ግን እስከ አሁን ሙሉ ተስፋ ያለው ትሑት ተገልጋይዎ፣

ጸጋአብ
ከመካኒሳ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ማህተሙ እኔ ሳልኖር ከተመለሰ የእኔን ሪፈር ፍለጋ አይድከሙ፤ ይዤው ሄጃለሁ። ዛሬ ግን ከእኔ ቀጥሎ አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ወይዘሮ ማናዬ የሚባሉ እናት ነበሩ። ጡታቸው ላይ ያለውን ነገር ለልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ስለቆዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሩኝ። የእርሳቸውም ወረቀት ማህተም ብቻ ነው የቀረው፤ እርሳቸው ግን ሐዋሳ የሚያውቁት ሐኪም የላቸውም። እባክዎ ቀለሙ ሳይደርቅ ከእርሳቸው ይጀምሩ።