ኮቶሽን ይዘሽ አትምጪ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? የቶኪዮ ሙቀት አላስቸገረሽም? እኛ በሂሮሳኪ ከዝናቡ በቀር ደህና ነን። ጎረቤታችን እማማ ቶሜ ዳሌያቸው ተሽሏቸው ያለ ምርኩዝ እስከ ፖም ማሳው ይሄዳሉ። ምራታቸው መንታ ወልዳለች፤ ሁለቱም የእማማን ጆሮ ይዘው መጥተዋል፣ ምስኪኖች።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። በአባታችን ሙት ዓመት ኮቶ ልትደረድሪ! እህቴ፣ ደህና ነሽ? ሰው የሚያህል ሳንቃ እኮ ነው። ወለል ላይ እንደ በሽተኛ ይጋደማል፤ አሥራ ሦስት አውታር ተሸክሞ ድምፁ ከጣሪያ ጠፈጠፍ አይበልጥም። የምትደረድረው ሴትም በጣቷ መንካቱን ተጸይፋ የዝሆን ጥርስ ጥፍር ትሰካለች። ባል የምትጠብቅ የሀብታም ልጅ ጨዋታ! ያ የመነኮሳቱ ባለ አራት አውታር ቢዋ እንኳ ይሻላል፤ ሆዱን ነፍቶ የጥንት ጦርነት እያወራ ቢያላዝንም፣ ቢያንስ ሰው አቅፎት ነው የሚያላዝነው።

የእኛ ሻሚሰን ሦስት አውታርና አንድ የተወጠረ ቆዳ ነው፣ በቃ። አባታችን በበረዶ ከደጅ ደጅ እየዞረ በዚያ ሰፊ መምቻ ሲመታው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ዝም ይል ነበር። እኛንም ያሳደገን እሱ ነው። ኮቶ ማንን አሳደገ? አንቺማ የኮቶ አስተማሪ ቤት ከገባሽ ወዲህ ስትስቂ እንኳ ድምፅሽ አይሰማም።

ያንኑ የአባታችንን ሻሚሰን እኔው እመታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። እርጥበት እንዳይነካው ከሳጥኑ አውጥቼ ምድጃው አጠገብ አቆምኩት። ጓዳ ሳለሁ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ስደርስ ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። ቆዳ ወጣሪው ጋሽ ሶማ ትናንት መጥቶ አየውና፣ «አንቺ የሻሚሰን መቺ ልጅ ነሽ ወይስ ዓሣ አድራቂ?» ብሎ ሳቀብኝ። በዚህ ዝናብ ቆዳ አይወጠርም፣ ለሙት ዓመቱ እንዳታስቢው አለኝ። የሌላ ሰው ላውስሽ ቢለኝ፣ የአባቴን ቦታ በተውሶ አልሞላም ብዬ ሻዩን ሳይጨርስ ሸኘሁት።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጤናሽን ያብዛልሽ፣ መንገድሽንም ያቅናልሽ።

ይህን ስጽፍ የቤተ መቅደሱ መነኩሴ ብቅ አሉ። ለሙት ዓመቱ ከመሠዊያው ፊት ምን ያህል ቦታ ይለቀቅልሽ አሉኝ። ሻሚሰን ለሚመታ ሰው አንድ መቀመጫ ትራስ እንደሚበቃ እሳቸውም ያውቃሉ። አንድ ሙሉ ሰሌን በቁመቱ ያስለቅቁልኝ አልኳቸው። «ምነው፣ ረጅም እንግዳ አለብሽ እንዴ?» ብለው እየሳቁ ወጡ።

ታላቅ እህትሽ