ቅርፊት አልባው እንቁላል

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ

የኔ ማር፣ የልቤ ቁራጭ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? መጀመሪያ ደግ ደጉን ልንገርሽ፤ ሁሉም ነገር በመልካም አልቋል። ይህን የማስቀድመው ጠባይሽን ስለማውቀው ነው። ግማሹን እንዳነበብሽ ስልክ ላይ ትንጠለጠያለሽ። በስልክ ያልነገርኩሽም ለዚሁ ነው፤ ገና አፌን ስከፍት አንቺ ትጮኺያለሽ፣ አንቺ ስትጮኺ እኔ አለቅሳለሁ፣ አባትሽ ደግሞ ስልኩን ነጥቆኝ ስለ ዝናቡ ያወራሻል። እና አደራ፣ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ከቀይዋ ልጀምር። ልትሄጂ ስትሰናጂ "ስናፍቅሽ እሷን እያየሽ ተጽናኚ" ብለሽ የገዛሽልኝ ቄብ ዛሬ የግቢው እመቤት ሆናለች። ሌሎቹን ዶሮዎች ከመኖው ታባርራለች፣ ከእኔ በቀር የሚነካትን ሁሉ ትወጋለች። እንቁላል አይቼ የየትኛዋ እንደሆነ እንደምለይ ታውቂያለሽ። የእሷ ጠቆር ብሎ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት እጄን እንቁላል መጣያዋ ውስጥ ስሰድ ልስልስ ነገር ነካሁ። ቅርፊት የሌለው እንቁላል! በስስ ሽፋን ብቻ ተይዞ መዳፌ ላይ ይወዛወዛል። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ዶሮ ድመት ካስደነገጣት፣ ሙቀት ከበዛባት፣ ወይም ገና መጣል የጀመረች ቄብ ከሆነች እንዲህ ያደርጋታል። እሷ ግን ደጋገመችው። ቀጥሎ ቅርፊቱ እንደ እኔ ጉንጭ የተጨማደደ ጣለች፣ ከዚያ ደም የነካካው፣ ከዚያ ጭራሽ ምንም።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ደበቅኩላት። አባትሽ ካየ "አርጅታለችና ትታረድ" ይላል ብዬ እንቁላሉን እየወሰድኩ ከአጥሩ ሥር ቀበርኩ። አንቺም ደውለሽ "ቀይዋስ?" ስትዪኝ "ኧረ እሷማ ሰፈሩን አመሰችው" እልሽ ነበር። በጎን የእንቁላል ቅርፊት አድርቄ፣ አድቅቄ ከመኖዋ ጋር ሰጠኋት። መላው ጥሩ ነበር፣ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ እንደ ሰው ቀጥ ብላ ቆማ አገኘኋት። ጅራቷ ወርዷል፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጥቷል። ታምጣለች፣ ምንም አይወጣም። ለቅሶዬን ሲሰማ አባትሽ የሰዓት መጠገኛ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ከሥራ ጠረጴዛው ተነስቶ መጣ። ካርቶን ፈለገ፣ ፎጣ አነጠፈ፣ አንስቶ አስገባት። ትታረድ ይላል ብዬ የፈራሁት ሰው እንስሳት ሐኪሟ ጋ እስክንደርስ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፎ "አይዞሽ የኔ እናት" ሲላት ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሆዷን ዳበሰችና "እንቁላሉ መውጫው ላይ ቆሞባታል፤ የሚያልፍበት ቱቦም ተቆጥቷል" አለች። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀመጠቻት፣ ጓንት አጥልቃ ዘይት ቀባችላት፣ ቀስ፣ ቀስ እያለች አወጣችላት። ቀይዋ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ሐኪሟን በመንቆሯ ወጋቻት።

"ምስጋና መሆኑ ነው" አለች እጇን እያሸች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እማማ፣ ልስልሱን መጣል ከጀመረች ቆየች?"

"ወር አልፏታል።"

"ደምስ አይተዋል?"

"አይቻለሁ።"

"ምልክቱን እንዲህ ለይተው እያወቁ ታዲያ ምን አስጠበቀዎት?"

ይኼኔ አባትሽ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዶክተር፣ ለዶሮዋ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ ለሚስቴ ንገሪልኝ። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ከክረምቱ ወዲህ ግን ደም ይፈሳታል። በማለዳ ተነስታ አንሶላ የምታጥበውን የማላይ ይመስላታል። እኔ ብነግራት ተቆጥታ አፌን ታስይዘኛለች።"

ልጄ፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንዲህ ላለ ነገር አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ሰው በተሰበሰበበት! ከኋላችን ድመት ያቀፉ ሴትዮ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ሐኪሟም ቀላች።

"እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም" አለች። "ግን በማይፈስበት ጊዜ ደም ከፈሰሰ፣ ዶሮም ትሁን ሰው፣ ቁጭ ተብሎ አይጠበቅም። ዛሬውኑ ይሂዱ፣ እማማ።"

ሄድን፤ ያውም ከነካርቶኑ። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው "ዶሮ አይገባም" ቢል አባትሽ "አስታማሚ ናት" አለው። ዘበኛው ስቆ እሱንም እሷንም ውጭ አስቀመጣቸው።

መረመሩኝ። ማህፀኔ ውስጥ ትርፍ ሥጋ በቅሎ ኖሯል፤ በቀጠሮ አወጡትና ለምርመራ ላኩት። ውጤቱን ስንጠብቅ የነበረውን ጊዜ ባልነግርሽ ይሻላል። ስትመጪ በሩን ማን ይከፍትልሻል እያልኩ አድር ነበር። አባትሽ የፈታውን ሰዓት መልሶ መግጠም አቅቶት ደንበኞቹን "ነገ" እያለ ይመልስ ነበር።

ትናንት ተጠራን። "ካንሰር አይደለም" አለኝ ሐኪሙ። "አልፎ አልፎ እየመጡ ይታያሉ፣ በቃ።" አባትሽ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተንሰቀሰቀ። እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ፤ አላቆም ብሎኝ ነርሷ ውሃ አመጣችልኝ። እፎይ ማለት እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር፣ ልጄ። ማታ እንቅልፉን ለጠጥኩት።

ቀይዋም መድኃኒቷን ጨርሳለች። እንቁላል ገና አልጀመረችም፤ ሐኪሟም ትረፍ ብላለች፣ ብትጥልም ለጊዜው እንዳንበላው አስጠንቅቃናለች። ግን ጅራቷ ቀና ብሏል፣ ነገረኛነቷም ተመልሷል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው እሑድ ስትደውዪ "ምነው ድምፅሽ?" አልኩሽ። "ደህና ነኝ እማዬ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" አልሽና ቶሎ ብለሽ ስለ ዶሮዎቹ ጠየቅሽኝ። ያን አነጋገር አውቀዋለሁ። ከእኔ ነው የወሰድሽው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ለሰው ስመክርበት ኖሬ ለራሴ ረሳሁት። ምን እንደሆነ አሁን ንገሪኝ አልልሽም። ብቻ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ብቻሽን መግባት ከከበደሽ ደውዪልኝ፤ እስክትወጪ ስልኩን ይዤ እቆያለሁ።

የእኔን እፎይታ ላንቺም ያድርግልሽ። እንቅልፍሽ የሰላም፣ ወሬሽ የደስታ ይሁን።

ከዛሬ ጀምሮ ምንም የማትደብቅሽ
እናትሽ

አባትሽ በትከሻዬ በኩል እያነበበ ነው። "ካልሄደች እኔው መጥቼ እዚያ ላለ ሐኪም እነግርባታለሁ በያት" ይላል። የሚያደርገው ይመስለኛል፣ ልጄ።