ፊታቸው በመስተዋት ላይ የቀረ የደብተራ ዘርአ ዳዊት ኃይለ ገብርኤል የሕይወት ታሪክ

ደብተራ ዘርአ ዳዊት ከአባታቸው ከመሪጌታ ኃይለ ገብርኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ማርያም በ፲፰፻፴፭ ዓመተ ምሕረት በሰላ ድንጋይ ተወለዱ። ይህን ታሪክ ጽፎ በፊታችሁ የሚያነብበው የልጃቸው የወለተሐና እጮኛ ታመነ ነው። ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለውምና ስሕተት ብታገኙበት በትዕግሥት ስሙት።

ደብተራ ፊደል የቆጠሩት በአባታቸው ዘንድ ነው። ዜማ ተምረው ከጨረሱ በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደው ከአንድ አረጋዊ ሠዓሊ ቀለም መበጥበጥንና ሥዕል መሣልን ተማሩ። በ፲፰፻፶፰ ወደ አንኮበር መጡ፤ በአራተኛው ዓመት ወይዘሮ ሸዋወርቅን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱም በሕፃንነታቸው አረፉ። በ፲፰፻፷፬ የተወለደችው ወለተሐና ብቻ ተረፈችላቸው። ደብተራ ከዚያ ወዲህ ሕፃን ሲያስል ከሰሙ የያዙትን ብሩሽ አስቀምጠው ይነሡ ነበር ይባላል።

በ፲፰፻፸ አንድ የባሕር ማዶ ነጋዴ ፎቶግራፍ የሚባለውን የጥላ ሥዕል የሚያነሣ ሣጥን ይዞ አንኮበር ገባ። ሥዕሉ የሚወጣበትን መድኃኒት የሚቀምምለት ሰው ሲፈልግ፣ ቀለም አዋቂ ናቸው ብለው ደብተራን አገናኙት። ሦስት ዓመት አብረው ሠሩ። ነጋዴው ወደ ባሕር ሲወርድ ሣጥኑን ለእርሳቸው ተወላቸው። ከዚያ በኋላ የሰርግ፣ የክርስትናና የሹመት ድግስ ሲኖር ይጠሩ ጀመር። የአልዩ አምባ ነጋዴዎችም ሸቀጣቸውን ያስነሡ ነበር።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። መድኃኒት የተቀባ መስተዋት በሣጥኑ ውስጥ ያስገባሉ፤ ሥዕሉም በዚያ ላይ ይቀራል። ሰዎቹን በፀሐይ ፊት ካቆሙ በኋላ የሣጥኑን ዐይን ከፍተው «አቡነ ዘበሰማያት» ይሉና እስከ «ሲሳየነ» ድረስ ይደግማሉ። ጉም ባለ ቀን እስከ መጨረሻው ይደግማሉ። ጸሎቱ ሳያልቅ የተንቀሳቀሰ ሰው ፊቱ በመስተዋቱ ላይ አይወጣም፤ በአንገቱ ላይ ነጭ ጭጋግ ብቻ ይታያል።

በ፲፰፻፸፰ ጥር በተደረገ ሰርግ ገብረ ሕይወት የተባለው ሚዜ በቅሎ ስትጮኽ ዞር አለ፤ ፊቱም ጠፋ። ወር ሳይሞላው ከገደል ወድቆ ሞተ። እናቱ ከሰልስት ማግስት መጥተው በደብተራ ደጃፍ ቆሙና «ደብተራ፣ የልጄን ፊት የት አደረጉት?» አሉ።

«እናቴ፣ እኔ አልወሰድኩም። ልጅዎ ዞር ብሎ ነው» ብለው መለሱ።

«ሞትም የሚመጣው ዞር ሲሉ ነው» አሏቸውና ሄዱ።

በተከታዩ ዓመት በደብረ ብርሃን የክርስትና ድግስ ላይ ያነሷት ይርጋለም የተባለች ወይዘሮም ፊቷ ሳይወጣ ቀረ፤ እርሷም በወሊድ ሞተች። ወሬው አገሩን ሞላው። ሰው ሥዕል ሊነሣ ሲቆም ትንፋሹን ይይዝ ነበር። አንድ የሰርግ ቀልደኛ «እንዲህ ደርቀን ስንቆም ሞት የሞትን መስሎት ያልፈን ይሆናል» ቢል የሣቀለት አልነበረም። ደብተራ የሣጥኑን ነገር ከማንም የበለጠ ያውቁ ነበር፤ ዕውቀታቸው ግን ከፍርሃት አላዳናቸውም። መስተዋቱን በመድኃኒት ሲያጥቡ ፊቶቹን ከመቁጠራቸው በፊት ያማትቡ ጀመር።

በ፲፰፻፹ ግንቦት ወለተሐና ታጨች። ደብተራ ለመታሰቢያ ብለው ከልጃቸው ጋር ሊነሡ በግቢያቸው ተቀመጡ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ከሣጥኑ ኋላ ሆነው ጸሎቱን ደገሙ። ደብተራ መስተዋቱን ጨለማ ክፍል አስገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ «ተሰበረ» አሉ። አልተሰበረም ነበር። የእርሳቸው ፊት ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ የወለተሐና ፊት ግን የለም። መስተዋቱን በጨርቅ ጠቅልለው በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ደበቁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣጥኑን አልከፈቱም። ልጃቸው ብቻዋን ወንዝ እንዳትወርድ፣ ገደል አጠገብ እንዳትቆም ከለከሉ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠበል ይወስዷት ነበር። የከብቱ እልቂት መጣ፤ ረኃቡና ተስቦው ተከተለ። ከጎረቤት ልቅሶ በተሰማ ቁጥር ወደ እርሷ ሮጠው ግንባሯን ይዳስሳሉ። ሰርጉ ለጥር ተቀጥሮ ነበር፤ ድግሱ አልደረሰም ብለው አስተላለፉት። ከፋሲካ በኋላ ተቀጠረ፤ ያንንም አፈረሱት። የእጮኛዋ አባት አቶ ወልደተንሣኤ ሽማግሌ ይዘው መጡና «ልጄ አፍ የለውም ብለው ከናቁት ይንገሩንና እንሂድ» አሉ። ደብተራ ተነሥተው እጅ ነሡ። «አልናቅኩትም፤ ትንሽ ብቻ ትቆይልኝ» ብለው አለቀሱ። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ታመነም የተናቀ መስሎት ነበር።

ባለፈው ኅዳር የአልዩ አምባው ነጋዴ ዑመር በቅሎ እየሳበ መጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ዐሥራ ሁለት በቅሎዎቹን አስነሥቶ የአንዷ ራስ ሳይወጣ ቀርቶ ነበር። «ደብተራ፣ ራስ የሌላት በቅሎ ይህችውልዎ። ራስ ካላቸው ሰባቱ አልቀዋል፤ እርሷ ግን ወላሂ ገብሴን እየጨረሰች ነው» አላቸው። ደብተራ በቅሎዋን ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። «በቅሎ ሌላ ነው፣ ሰው ሌላ ነው» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

በታኅሣሥ መግቢያ ተስቦ ያዛቸው። በሕመማቸው በዐሥረኛው ቀን ንስሐ አባታቸው ካቈረቧቸው በኋላ ሚስታቸውን፣ ልጃቸውንና ታመነን አስጠሩ። ማኅደሩን አስከፍተው መስተዋቱን አስወጡ፤ ሥዕሉ ጎልቶ እንዲታይ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ አስደረጉበት። የደበቁትንና ሰርጉን ያዘገዩበትን ምክንያት ሁሉ ተናገሩ። ወለተሐና መስተዋቱን ተቀብላ አየች። ከዚያ «አባዬ፣ ያኔ እኮ ዞሬ ነው። ታመነ በበር ሲገባ አየሁት። ስለምን አልጠየቁኝም?» አለች።

«መልስሽን ፈራሁ፤ ገብረ ሕይወትም ዞሮ ነበር» አሏት። እጇን ይዘው «ለጥር ይሁንላችሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገሩም። በዘመነ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፰፻፹፪ ዓመተ ምሕረት፣ በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ።

ደብተራ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸዋወርቅንና ልጃቸውን ወለተሐናን ትተው ሄደዋል። በአገራችን ልማድ የሟች ልብስና ጥምጥም በልቅሶው መካከል ይያዛል። ዛሬ ከጥምጥማቸው ጋር መስተዋቱ ተይዟል። ከመካከላችሁ ወደዚያ ለማየት ፈርቶ መሬት መሬት የሚያይ ብዙ ሰው እንዳለ የሚያነብበው ያውቃል፤ እርሱም እስከ ትናንት ድረስ ፈርቷል። ቀና ብላችሁ እዩ። በመስተዋቱ ላይ ፊታቸው ጥርት ብሎ የወጣው፣ የኩታቸው ጥለት እንኳ የሚቆጠረው፣ ዛሬ የምንቀብራቸው እርሳቸው ናቸው። ፊቷ ያልወጣው ልጅ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

የሰውን ሁሉ ፊት የሚያውቅ አምላክ የአገልጋዩን የዘርአ ዳዊትን ነፍስ ፍርሃት በሌለበት በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።