የተከፈለበት ምግብ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ሥራ፣ ገበያ፣ ልብስ እጥበት። ከእራት በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ተተከልኩ። በኤፕሪል የምንሄድበት የፍሎሪዳው መዝናኛ ፓርክ ምግብ... ፓኬጅ ይሻላል ወይስ ካርድ? ስድስት ገጽ ከፍቼ አንዱን ሳነብ የሌላው ይጠፋብኛል። ሰው ለመዝናናት ሲሄድ እንዲህ ይደክማል?

የሥራ ባልደረባዬ ሊንዳ ቢሮ ውስጥ ስትነግረኝ ቀላል ነበር። ፓኬጁን ከገዛሽ ሁሉንም ቀድመሽ ትከፍያለሽ፤ እዚያ ስትደርሺ የእጅ አምባርሽን ማሽኑ ላይ ማስነካት፣ መብላት፣ በቃ። ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ ሁለት ምግብና አንድ መክሰስ። ካርዱ ግን የቅናሽ ካርድ ነው፤ የበላሽውን ብቻ ትከፍያለሽ፣ ከሒሳቡ ላይ ይቀነስልሻል። "ቤተሰብሽ በላተኛ ከሆነ ፓኬጅ፣ ካልሆነ ካርድ" አለችኝ።

በላተኛ... አባዬ ዛሬ ሾርባውን ሦስቴ ቀምሶ ገፋው። "ብረት ብረት ይላል" አለ። የጉሮሮው ካንሰር ጠፍቷል ተብለናል፤ የጨረር ሕክምናውም ከገና በፊት አልቋል። ጣዕሙን ግን ይዞበት ሄደ።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ሐኪም ቤት። ዶክተሯ አልሸፋፈነችም። ክብደቱ እየወረደ ነው፤ በኤፕሪል መጨረሻ ቀጠሮው ላይ ደግሞ ወርዶ ከተገኘ በሆዱ በኩል የምግብ ቱቦ ይገባለታል።

በመኪና ስንመለስ፣ ቤት ልንደርስ ስንል "አርባ ዓመት ጎማ ፋብሪካ ሠራሁ" አለ። "አሁን ደግሞ እኔኑ እንደ ጎማ ሊነፉኝ ነው?"

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ፈርቷል... አባዬ ሲፈራ አይቼ አላውቅም፣ እማዬ ስትሞት እንኳ።

እሑድ፣ ማርች 9

ከከርት ጋር ተጨቃጨቅን። ባሌ እርሳስና ወረቀት ከያዘ አይቻልም።

"ካርዱ ነው የሚያዋጣን፣ ዴና። አባትሽ አይበላም። ጆሲ ከድንች ጥብስ ሌላ ምግብ መኖሩን አታውቅም። ፓኬጅ ከገዛን ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድር ሰው ሁሉ መግዛት አለበት፣ ሕጋቸው ነው። አስር ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ይከፍላል።"

"ጆሲን ዘጠኝ ናት እንላለና" አልኩት።

ጆሲ ከሳሎን ጮኸች። "እማዬ! አስር ሞልቶኛል! ኬኩን ስትቆርሺ የት ነበርሽ?"

ከርት ልክ ነው። ሒሳቡን እኔም አውቀዋለሁ። እሱ የማያውቀው ግን አባዬን ነው። አባዬ የተከፈለበት ነገር ሲባክን ማየት አይችልም። ልጅ ሆኜ የቤተ ክርስቲያን እራት ትኬት ገዝቶ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። እማዬ ተኛ ብትለው "ተከፍሎበታል!" ብሎ ኮቱን ደርቦ ሄደ። ዶሮውን እያላበው በላ። አጥንቱን እንኳ ጋጠው።

ካርድ ከገዛሁለት "እኔ አልራበኝም፣ ለምን ታወጫለሽ" ይላል። ቀድሞ ከተከፈለ ግን... ይበላል። መብላት አለበት።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ፓኬጁን ገዛሁ። ተመላሽ የለውም። ለከርት ነገ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ነገርኩት። "ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው" አለና ውሻውን ይዞ ወጣ። ሲመለስ እቅፍ አደረገኝ። ምክንያቱን ሳልነግረው ገብቶታል መሰለኝ።

ለአባዬ ደግሞ እራት ላይ፣ እንደ ዋዛ አነሳሁት።

"ለእኔም ተከፈለ?"

"ለአንተም።"

"መመለስ አይቻልም?"

"አይቻልም፣ አባዬ።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "በይ እንግዲህ" አለ። ወጥመዱ ውስጥ አይጥ የገባችለት ሰው ደስ እንደሚለው ደስ አለኝ። በአባቴ ላይ...

እሑድ፣ ኤፕሪል 13

ከኦሃዮ ፍሎሪዳ በመኪና ሁለት ቀን። ወገቤ የለም። ጆሲ ከኋላ ትዘፍናለች፣ አባዬ መስኮቱን ተደግፎ ይተኛል። ደረስን። አምባሮቹን አደሉን፤ የአባዬ ቀይ ነው፣ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ተቆልፎም ይንሸራተታል።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ቁርስ ላይ ኮፍያ ያደረገ ትልቅ ድብ፣ የድብ ልብስ የለበሰ ሰው፣ እየዞረ ሰው ያቅፋል። ይህን ጠረጴዛ በኢንተርኔት ለመያዝ ከሁለት ወር በፊት ገና ሳይነጋ ተነስቻለሁ። አባዬ ፊት ፓንኬክ፣ እንቁላል፣ ቋሊማ ተደረደረ። አንዴ ጎረሰ። ሲያላምጥ፣ ሲያላምጥ... ውሃ አስከትሎ ዋጠ። ሹካውን አስቀመጠ።

አስተናጋጇ መጣች። "ካልጣመዎት ልቀይርልዎ፣ አባት?"

"አይ የኔ እመቤት፣ ደህና ነው።"

"ብላ እንጂ አባዬ" አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት። ድቡ ሳይቀር ዞሮ አየን። ጆሲ በጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካችኝ፤ "እማዬ፣ ተይው።"

የተረፈውን ከርት በላው። ምሳ ላይም፣ እራት ላይም እንደዚያው። "እንደ እርጉዝ ለሁለት እየበላሁ ነው" ይላል ቀበቶውን እያላላ። እኔም ያለ ፍላጎቴ ጎረስኩ። ተከፍሎበታላ! ማታ ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ተኛን፤ አንድ ሰው ብቻ ባዶ ሆዱን።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

አባዬ ጠዋት መላ አመጣ። "እናንተ ተሳፈሩ፣ ዙሩ። እኔ እዚህ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። በምግብ ሰዓት አትጠብቁኝ፤ አምባሩ እጄ ላይ ነው፣ ሲያሰኘኝ አዛለሁ።"

ተመልሰን ስንመጣ ጎኑ ባዶ የወረቀት ሳህንና የአይስክሬም እንጨት።

"በላህ?"

"ተከፍሎበት የለ!"

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሰልፍ ላይ ከርትን በክርኔ ጎነጥኩት። "አየህ?" አልኩት። "እሺ፣ አሸነፍሽ" አለ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16

ዛሬም ባዶ ሳህን። ዶሮ፣ ድንች፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ሁሉም የለም። እንዲህ ቀለል ካለኝ ስንት ወር ሆነኝ? ከጆሲ ጋር ውሃ የሚረጨው ላይ ተሳፍሬ እንደ ልጅ ጮህኩ።

ጠዋት ከርት በቢላ የአባዬ ቀበቶ ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲከፍት አይቼ ነበር። ቆዳው ስለተለጠጠ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

ጆሲ የሚሽከረከረው ላይ አቅለሸለሻትና ሳንጠበቅ ተመለስን። አባዬ አግዳሚው ላይ ነው፤ አጠገቡ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሽማግሌና ሁለት ትናንሽ ልጆች። ሽማግሌው ዶሮ ይበላል። የአባዬን ዶሮ። ልጆቹ የአባዬን አይስክሬም ተራ በተራ ይልሳሉ። አባዬ ደግሞ እጁን አጣጥፎ ያያቸዋል፤ እንደ ጋባዥ።

ሰውዬው ሲያየኝ ከመቀመጫው ለመነሳት ሞከረ። "ዴና አንቺ ነሽ? ሆሊስ እባላለሁ፣ ከአላባማ። የኛ ሰዎችም ተሳፍረው እኔን ከነዚህ ጋር ጥለውኝ ነው። እድሜ ለአባትሽ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አበላን!"

ሦስት ቀን ሙሉ።

ደሜ ፈላ። ሰው ፊት ነው፣ ልጅ ፊት ነው አላልኩም። "ዋሸኸኝ!" አልኩት።

"በላሁ መች አልኩሽ?"

"አባዬ!"

"ተከፍሎበታል አልሽኝ። የተከፈለበት ይበላል፤ የግድ አንተ ብላው ያለኝ ማን ነው? ቆሻሻ ውስጥ ልጥለው ኖሯል?"

ሆሊስ ዶሮውን ይዞ ደርቆ ቀረ። ከዚያ አባዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሳህኑ ባዶ ሲሆን ፊትሽ ያርፋል፣ ልጄ። ከገና ወዲህ ፊትሽ አርፎ ያየሁት እዚህ ነው። ያ እንዲቀርብሽ አልፈለግኩም።"

አንጀቴን በላኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ብዙ ሴቶች ያለቅሱበታል መሰለኝ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

የመጨረሻ ቀን። ያልተበላ መክሰስ ዛሬ በከረሜላም ተቀይሮ ካላለቀ ይቃጠላል፤ ከረሜላ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ዞሮ ዞሮ ፏፏቴው ጋ ደርሷል። የመላው አሜሪካ እናቶች የከረሜላ ከረጢት ታቅፈዋል። ከርትም ሰልፍ ገባ። እኔ የራሴን መክሰስ ከሆሊስ ጋር ላሉት ልጆች ሰጠሁና አባዬ ጎን ተቀመጥኩ።

ስለ ምግብ አላነሳሁም። ከባድ ነው ለካ፤ አፌ በራሱ "ብላ" ሊል ይከፈታል።

ራሱ ጀመረ። "ቱቦው አያመኝ ይሆናል። መርፌ መቼ ፈርቼ አውቃለሁ..."

"ታዲያ ምኑ ነው?"

"ያበሉኛል መኝታ ቤት ውስጥ፣ በከረጢት። እናንተ እዚያ ትበላላችሁ። ሳህን የሌለው ሰው ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል፣ ዴና? ያሳዝናል እንጂ። ቀስ እያልኩ ክፍሌ ውስጥ እቀራለሁ።"

 እስካሁን የታገልኩት ከሆዱ ጋር መስሎኝ... እሱ የፈራው ከመሃላችን መውጣት ኖሯል። ክንዱን ያዝኩት። ቀዩ አምባር ክርኑ ድረስ ይንሸራተታል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

ጆርጂያ ውስጥ፣ መንገድ ዳር፣ ጭስ የሚወጣው ድስትና በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ፦ ቅቅል ኦቾሎኒ። አባዬ ከእንቅልፉ ነቅቶ "አቁም፣ አቁም!" አለ። ከርት ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

ተወልዶ ያደገው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ለጎማው ሥራ ነው ወጣት ሆኖ ወደ ሰሜን የመጣው። ከራሱ ኪስ ከፍሎ አንድ እርጥብ ከረጢት ይዞ ተመለሰ። ቅርፊቱን በጥርሱ ከፈተና ውስጡ ያለውን ውሃ መጠጠ። ቆም አለ። እንደገና መጠጠ።

"ጨው" አለ።

"ምን?" አለ ከርት።

"ጨው ነው። ብረት አይደለም።"

 እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ። ስንት እንደበላ አላየሁም፤ እንዳላይ ታግዬ። ከኋላ የቅርፊት ድምፅ ብቻ... ቀጭ፣ ቀጭ። ጆሲ "አያቴ፣ ይሄ እኮ የረጠበ ካልሲ ነው የሚመስለው" ስትለው ሳቀ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ሚዛን። ወርዷል። አንድ ከረጢት ኦቾሎኒ ምን ያህል ያነሳል...

ዶክተሯ ወደኔ ዞራ ማስረዳት ጀመረች። አባዬ አቋረጣት። "እኔን ይጠይቁኝ። የጎማው ባለቤት እኔ ነኝ። መቼ ነው?"

ረቡዕ፣ ሜይ 7

ገባለት። ደህና ነው። ደክሞኛል።

እሑድ፣ ሜይ 18

ከርት በጓሮ የበሬ ሥጋ ጠበሰ። ጠረጴዛውን ሳሰናዳ አባዬ ቦታ ላይ እጄ ሳህን ይዞ ቆመ። ላስቀምጥ? ባዶ ሳህን ፌዝ ይሆን? ሳህኑን መለስኩና ወንበሩን ብቻ ሳብኩለት። ከዚያ መኝታ ቤቱ በር ላይ ሄጄ "አባዬ፣ እራት" አልኩ። ድሮ እንደምለው።

"በልቻለሁ እኮ፣ በሆዴ በኩል።"

"አውቃለሁ። ና ተቀመጥ።"

መጣ። መጀመሪያ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ነበር። ጆሲ አንዲት የኦቾሎኒ ጎድጓዳ ሳህን ፊቱ ገፋችለት፤ ለመምጠጥ፣ ለጨዋታ ያህል። ከዚያ አባዬ፣ ሆሊስ ጠዋት ደውሎ ያወራውን መተረክ ጀመረ። የሆሊስ ፍየል የፓስተሩን ኮፍያ በልታለች። ከፍየሏ ወደ ጎማው ፋብሪካ፣ ከፋብሪካው እማዬን ወደተዋወቀበት ጭፈራ... ይህኛውን ሰምቼው አላውቅም ነበር። አፉ ውስጥ ምግብ ስለሌለ የሚያቆመውም የለም። ከርትን በሳቅ ትን አለው።

ከገና ወዲህ ሳህኑን ያላየሁበት የመጀመሪያው እራት ነው። ፊቱን ነው ያየሁት። ሞላ ብሏል። የምታምር እናት ነበረችኝ፣ ስትጨፍር ጫማዋ ይወልቅ ነበር፣ ይህን እየሰማሁ እጄ ሹካው ላይ ቀረ።

አባዬ ወሬውን አቆመና ሳህኔን አየ። ሥጋው ሳይነካ ቀዝቅዟል።

"ዴና" አለ። "ብዪ እንጂ። ተከፍሎበታል።"

በላሁ።