ሜዳ ላይ ላስመረቁኝ ዳይሬክተር

ለተከበሩ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ አምላክ ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ትከሻዎን እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። ትከሻን ለይቼ ያነሳሁበት ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

እኔ ማለት በማሰልጠኛዎ በር ላይ በተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ላይ ምስክር ወረቀቴን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ የምስቀው ልጅ ነኝ። ከሥሩ «እዚህ ገብቼ ሰው ሆንኩ» የሚለውም የራሴ ቃል ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሲያነቡ ግማሹን ለራሴ እንደጻፍኩት ይቁጠሩልኝ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሜዳው። ሥልጠናችንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባዶ ተሳቢ እያስጎተቱ፣ እንደ ጠረጴዛ በተደለደለ ሜዳ ላይ ስላስጨረሱን እጅግ አመሰግናለሁ። ከአጥሩ ጀርባ ደህና ቁልቁለት እያለ፣ እንዳንደክምብዎ ብለው ይሆናል፣ አንድም ቀን አላስወረዱንም። መኪና ጭነት ሲሸከም ሌላ ፍጥረት እንደሚሆን ያወቅኩት ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ነዳጅዎ። የማሰልጠኛው ነዳጅ በከንቱ እንዳያልቅ፣ ወደ ማቆሚያው መስመር ስንቃረብ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርገን፣ ጎማውን ከሞተሩ አላቀን፣ መኪናው በራሱ እየተንከባለለ እንዲደርስ አስለምደውናል። ጎበዝ የሚባለው ከሩቅ ፎሌ አስገብቶ ልክ መስመሩ ላይ የሚያቆመው ነበር። ጉራ አይሁንብኝና በዚህ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ፎቶዬም የተሰቀለው በዚሁ ነው።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። የተቀጠርኩበት ድርጅት ከጀማሪ ሹፌር ጎን አንድ ነባር ሹፌር ያስቀምጣል፤ ለእኔ የደረሱኝ፣ ሹፌሩ ሁሉ «አባ ዝግታ» የሚላቸው አዛውንት ነበሩ። በመጀመሪያው ጉዟችን ሲሚንቶ ጭነን ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ፣ ገና ሳንጀምረው በከባድ ማርሽ ያዘው አሉኝ፤ ያዝኩት፤ አብዛኛውንም ደህና አድርጌ ወረድኩ። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው ድልድይ መግቢያ ከሩቅ ሲታየኝ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ፎሌ አስገባ። ልክ እንደ ሜዳው! መኪናው ከነሲሚንቶው ተለቀቀ። ማርሹን ልመልስ ብል እምቢ አለ፤ ፍሬኑን ብረግጠው ጨሰ። አባ ዝግታ ከጎኔ ተወርውረው መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ አፈሩ ክምር ባይጠመዝዙት ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ አይኖርም ነበር። እኔን ጭረት እንኳ አልነካኝም። የተጨፈለቀው በእሳቸው በኩል ያለው በር ነው፤ የደቀቀውም የእሳቸው ትከሻ ነው።

ዛሬ ቤታቸው ስሄድ የሻይ ብርጭቆውን በግራ እጃቸው እያንቀጠቀጡ ያነሳሉ። ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን መሪ ሐኪም ከልክሏቸዋል። እንዲያም ሆኖ ድርጅቱ እንዳያባርረኝ የለመኑልኝ እሳቸው ናቸው። አይዞህ ልጄ፣ ያላስተማሩህን ከየት ታመጣዋለህ ይሉኛል። ምነው በሰደቡኝ! ሳልማር ቀርቼ መስሏቸው ነው እንጂ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ያደረግኩት እርስዎ በደንብ አድርገው ያስተማሩኝን ነው። ይህን ለእሳቸው ለመንገር አፌ አይታዘዝልኝም፤ ከደጃፋቸው ስወጣ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

አራተኛው ጥፋት የእርስዎ አይደለም፣ የእኔው ነው፤ ተራ ይዞ ስለመጣ ብቻ እዚህ ገባ። ከአደጋው በኋላ ቤት ገብቼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ለቤተሰቦቼ ጎማ ፈንድቶብን ነው አልኳቸው። እናቴ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆመች በርዎ ላይ ያለውን ፎቶዬን ስታሳይ ስለምትውል፣ ያን ደስታዋን ማፍረስ አልሆነልኝም። ታናሽ እህቴም ያንን ፎቶ አይታ፣ የእኔንም ጉራ ሰምታ፣ እርስዎ ዘንድ ተመዘገበች።

ባለፈው እሑድ ሳሎን ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ማማሰያ እንደ ማርሽ ይዛ፣ በአፏ ሞተር እያስጮኸች ለእናታችን ስትነዳ ደረስኩ። እንደ ምንም ብላ ተጠማዝዛ ወደ በሩ ስትቃረብ ማማሰያውን መሃል ላይ፣ ፎሌ ላይ መለሰችው፤ የሞተሩን ድምፅ ቀነስ አደረገች፤ ተንከባልላ ቆመች። እናቴ አጨበጨበች። ያ እጅ ግን የእኔው እጅ ነበር። እዚያው በቆምኩበት የደበቅኩትን ሁሉ ዘከዘክኩት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እህቴ ግን ተቆጣች፤ አንተ ስላልቻልክ እኔም የማልችል መሰለህ ወይ ብላ በሩን በላዬ ላይ ዘግታ ወጣች። አልፈርድባትም። ከእኔ ይልቅ ፎቶዬ ይታመናል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን መሻማት ባይሆንብኝ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። ፎቶዬን ያውርዱልኝ። የሚቀጥለው ሳምንት የእነ እህቴ ፈተና ሳይደርስም ሠልጣኞቹን ጭነት በተጫነ ተሳቢ፣ ደህና አሰልጣኝ ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ያንን ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ቁልቁለት ያስወርዷቸው። ለነዳጁ ካዘኑ፣ የመጀመሪያ ደመወዜን ሳልነካው አስቀምጬዋለሁ፤ መብላት አልቻልኩም።

ከላቀ አክብሮትና ከማይለቀኝ ጸጸት ጋር፣
ዝናብም ፀሐይም ሳይል በርዎ ላይ የሚስቅልዎ የቀድሞ ኮከብ ሠልጣኝዎ

የረሳሁት፦ ሜዳው ይበቃል የሚሉኝ ከሆነ፣ በፈተናው ጠዋት አለቃዬን አስፈቅጄ ሲሚንቶ የጫነ መኪናዬን በርዎ ላይ አቆማለሁ። ያንን ቁልቁለት ለመውረድ መሪውን እህቴ ትይዛለች። ከጎኗ ያለው፣ አባ ዝግታ የተቀመጡበት ወንበር የእርስዎ ነው፤ «ብቁ ናት» ብለው የሚፈርሙት እርስዎ ነዎትና። የተጨፈለቀውን በር አስጠግነነዋል። መቀመጥ ከፈሩ ነውር የለውም፤ እኔም እፈራለሁ። ያን ጊዜ ግን እባክዎን አይፈርሙላት።