እንጅባራ ቆሟል ስለተባለው አይሱዙ

ለክቡር አቶ ዓባይነህ
የቆላ በር የጭነት አመላላሾች ማኅበር ሊቀ መንበር
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ሙሉ ጤና፣ በተለይም የሁለቱን እግሮችዎን ደኅንነት ከልብ እመኝልዎታለሁ፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ደረጃ ያለማንም ድጋፍ ሲወርዱ ባየሁ ቁጥር አላህን አመሰግናለሁ። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የምጠግነዋ ሃጀር አብዱልሀፊዝ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለማኅበሩ አሥራ አንድ አይሱዙዎች ሞደም ሲመረጥ «የቴክኒክ አማካሪ» ብለው ከኮሚቴው ያስቀመጡኝ፣ ምክሬን ግን ያልፈለጉት እርስዎ ነዎት። ደብዳቤዬን በአደባባይ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቴም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመልሻለሁ። ስብሰባ እንደሚወዱ ስለማውቅ አልተቀየምኩም። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ስለ ምርጫዎ ጥበብ አመሰግናለሁ።

ለማያውቅ አንባቢ፣ ሞደም ማለት መኪናው ውስጥ ተደብቆ፣ ሲም ካርድ ጎርሶ፣ መኪናው የት እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በኔትወርክ የሚያሳብቅ ትንሽ ሣጥን ነው። ወሬው የሚጠራቀምበትን ሩቅ ኮምፒውተር ክላውድ ይሉታል። እርስዎ ለጠቅላላ ጉባኤው «ከእንግዲህ የመኪኖቻችን መረጃ ደመና ላይ ይወጣል» ብለው ሲያበስሩ፣ ሽማግሌው አባላችን አቶ ደረሰ «ክረምት ሲገባስ፣ ሊቀ መንበር?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ቢያንስ ደመናው ሲከዳን ምን እናደርጋለን ብለው የጠየቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እኔ ያቀረብኩት ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ፈጣኑን አዲሱን ኔትወርክ ብቻ የሚያውቅና እሱ ሲጠፋ ወሬውን ሜዳ ላይ የሚጥል ነው። ሁለተኛው ፈጣኑ ሲጠፋ ስልክ ወደምንደውልበት አሮጌው ኔትወርክ ዝቅ ብሎ ይሠራል፤ እሱም ከጠፋ ወሬውን አስቀምጦ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። የዋጋቸው ልዩነት በአንድ መኪና የአንድ ኩንታል ድንች ያህል ነው። ከከተማችን ወጥቶ ወደ ጫግኒ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስልክ ይደወል እንደሆነ እንጂ ፈጣኑ ኔትወርክ እንደማይገኝ ማንም ሹፌር ያውቃል፤ ስለዚህ ሁለቱም በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሳምንት እንዲሞከሩ ለመንኩ። እርስዎም ሙከራ የሚጠሉ ሰው አይደሉምና ርካሹን ከቢሮዎ እስከ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ እስከ ቢሮዎ አስነዱት። አረንጓዴዋ ነጥብ ስክሪኑ ላይ ስትንቀሳቀስ ኮሚቴው አጨበጨበ። «ይኸው ይሠራል! ሃጀር የምታስበው ለሱቋ ነው» አሉ። አፈርኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ።

2ኛ. ስለ ውበት ያለዎትን ስሜትም አመሰግናለሁ።

ሲስተሙ ከአንድ መኪና ለአሥር ደቂቃ ወሬ ካጣ መኪናውን ቀይ ያደርገው ነበር። ሞደሙ በተገጠመ ሰሞን ከአሥራ አንዱ ስድስቱ፣ ሰባቱ በየቀኑ ይቀሉ ጀመር። እንግዶች ሊጎበኙን ሲሉ እርስዎ ጠርተውኝ «ይኼ ቀይ ነገር ሰው ፊት ያሳፍራል፤ አጥፊልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የጠፋ መኪና ሁሉ፣ መጨረሻ በታየበት ቦታ «ቆሟል» ተብሎ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። እንግዶቹ በጣም ተደሰቱ። ትእዛዙ የእርስዎ ነው፤ ያጠፉት ግን እነዚህ ይህን ደብዳቤ የሚጽፉት ጣቶች ናቸው።

3ኛ. ለአንድ ሹፌራችን ባለቤት ስላደረጉላት መስተንግዶ አመሰግናለሁ።

ሹፌሩ ክንዴ በማኅበሩ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራ፣ ከሰው ጋር ክፉ ቃል የማይነጋገር ሰው እንደነበረ እርስዎም መስክረውለት ነበር፤ ያኔ ግን ሁለት እግር ነበረው። ባለፈው ኅዳር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ድንች ጭኖ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ጫግኒ ተነሣ። ቁልቁለቱ መካከል ሲደርስ ፍሬን እምቢ አለው። ከፊቱ ሰው የጫነ ባጃጅ ነበር። ባጃጁን ከሚደፈጥጥ ብሎ መሪውን ወደ ገደሉ ጠመዘዘ። ጋቢናው ተጨፍልቆ ግራ እግሩን ያዘው፤ ስልኩ እጁ በማይደርስበት ርቀት ሣር ውስጥ ወደቀ። ባጃጁ ከኋላው የሆነውን ሳያይ ሄደ።

ባለቤቱ ደጊቱ፣ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚደውልላት ሰው ዝም ቢልባት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮዎ መጣች። እኔ ፕሪንተር እየሠራሁ እዚያው ነበርኩ።

«ጋሽ ዓባይነህ፣ ክንዴ ጫግኒ አልደረሰም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም» አለችዎት።

እርስዎ በትሕትና ስክሪኑን አዞሩላት። «ይኸው፣ መኪናው እዚሁ እንጅባራ ቆሟል። ስልኩ እየጠራ የማያነሣ ባል የት እንዳለ ለሚስት አይነገርም። እስቲ ጠላ ቤቶቹን ዞር ዞር ብለሽ እያቸው» አሏት። ሁለት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገር ግን ያ ነጥብ አራት ሰዓት ሙሉ የሻገተ ወሬ መሆኑን በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም አልኩ። ፕሪንተሩን ጨርሼ ወጣሁ።

ደጊቱ ጠላ ቤት ለጠላ ቤት፣ አረቄ ቤት ለአረቄ ቤት ዞረች። በየደጁ እየቆመች ትደውላለች፤ ገብታም ስለ ባሏ ትጠይቃለች። ክንዴ በኋላ ሆስፒታል ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ስልኩ ሲጮኽ እሰማ ነበር። ለእሷ ለብቻዋ ድምፅ ሰጥቼው ስለነበር እሷ መሆኗን አውቄያለሁ። አሥራ ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። ስልክ ከጠራ ኔትወርክ አለ ማለት አይደለም እንዴ፣ ሃጀር?»

«አዎ» አልኩት።

«ታዲያ የናንተ ሣጥን ምነው ዝም አለ?»

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከእርስዎ የተሻለ ሰው ስለሌለ ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በአህያ ጭኖ ይወርድ የነበረ ባንተአምላክ የሚባል ገበሬ ሣር ውስጥ ስልክ ሲጮኽ ሰምቶ ቀረበና አነሣው። መጀመሪያ በአዊኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ «የዚህ ስልክ ጌታ እዚህ ገደል ውስጥ ነው» አለ። ደጊቱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ነፍሱ አለች?»

ነፍሱ አለች። እግሩ ግን ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ሐኪሙ «ሦስት ሰዓት ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ እግሩ ሊተርፍ ይችል ነበር» ብሏል። ሐኪም ደግሞ እንደ ሊቀ መንበር አይደለም፣ ከመናገሩ በፊት ያያል።

4ኛ. ከሁሉም በላይ ስለ ፍትሕዎ አመሰግናለሁ።

ክንዴ ከሆስፒታል ወጥቶ ሁለት ወር ሳይሞላው «የመከታተያ መሣሪያውን ሆን ብሎ አቋርጧል» የሚል ክስ ደረሰው። ደጊቱን አስከትሎ፣ በሁለት ምርኩዝ ኮሚቴው ፊት ቆመ፤ ወንበር እንዲሰጠው የጠየቀው ራሱ ነው። «መሣሪያውን ለምን ነካህ?» አሉት። «ጋሼ፣ የት እንደተገጠመ እንኳ አላውቅም» አለ። እኔ ተነሥቼ ሞደሙ በባሕሪው ቁልቁለቱ ላይ እንደማይሠራ መናገር ስጀምር፣ «ሃጀር፣ የፈረምሽው አንቺ አይደለሽም? ምልክቱንስ ያጠፋሽው?» አሉኝ። እውነት ነበር። ተቀመጥኩ።

ከዚያ የሰነዘሩትን እኔ በሕይወቴ አልረሳውም። «ጠባይህን ሚስትህም ታውቀዋለች፤ የዚያን ዕለት የፈለገችህ ጠላ ቤት ለጠላ ቤት ነው» አሉት። ክንዴ ይህን አያውቅም ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት አሥራ ሰባቱን ጥሪ እየቆጠረ፣ ተጨንቃልኛለች፣ ትደርስልኛለች ብሎ ነው ነፍሱን ያቆያት። ዞሮ አያት። ደጊቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ወጣች። እርስዎም «ወደ ውሳኔው እንለፍ» አሉ፤ ክንዴም ከሥራ ተሰናበተ።

አሁን አንድ ቤት ይኖራሉ። ደጊቱ ሱቄ መጥታ ስታለቅስ «እግሩን እኮ አጥበዋለሁ፣ ቁስሉን እጠርግለታለሁ፤ ዓይኑን ግን ማየት አልቻልኩም። የላኩኝ እሳቸው ቢሆኑም የሄድኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ምን ልበላት? ዝም ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳትሰናበተኝ ወጣች። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም፤ እውነቷን ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ዝምታን ከእርስዎ ኮሚቴ ተምሬ ጎበዝ ተማሪ ሆኜ ነበር፤ ትምህርቱን ግን ዛሬ አቋርጫለሁ። ክንዴ ክስ መሥርቷል። ለጠበቃው የምስክርነት ቃሌን በሙሉ ስሜ ሰጥቻለሁ፤ ያዘዙኝን፣ የፈጸምኩትን፣ ያየሁትንና የዋጥኩትን ሁሉ። ቃሌ እኔንም እንደሚያስጠይቀኝ ነግሮኛል። እስማማለሁ ብያለሁ። ችሎት ፊት ጎን ለጎን የመቆም ክብር ቢገጥመን፣ ወንበር ሲቀርብልዎ እኔ ቆሜ እንደምቆይ ቃል እገባለሁ።

ሥልጣንዎን ያስረዝምልዎ እንዳልል አባላቱ ይታዘቡኛል፤ ዕድሜዎን ግን ያርዝምልዎ፤ የሠሩትን በሚገባ ለማየት ረጅም ዕድሜ ያስፈልጋልና።

ታዛዥዎ የነበረችው፣
ሃጀር አብዱልሀፊዝ
የቀድሞ የቴክኒክ አማካሪ፣ እንጅባራ

ማሳሰቢያ፦ ርካሹ በጸደቀ በሳምንቱ ሱቄ መጥተው ለግል ፒካፕዎ ውዱን ሞደም ማስገጠምዎን ላስታውስዎ እወዳለሁ። «ያኛው ቁልቁለቱ ላይ አይታመንም፤ ልጆቼን የምጭንበት መኪና ነው» ነበር ያሉኝ። የዋስትና ጊዜው በዚህ ወር ስለሚያበቃ ደረሰኙን ፈልገው እንዳይደክሙ፤ ቅጂው ጠበቃው ዘንድ ነው።